በወንዙ ዳር ስምንት ሰዓት፣ በቆሰበር ዘጠኝ

ከመጣሁ ወዲህ ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይላል። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ ጥያቄው ራሱን እያሳፈረው፣ «የፈረንጅ አገር እንዴት ነበር?» ይለኛል። አልቀየምም፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ግን ሁለቱን ለያይቼ መመለስ አቃተኝ። ስለ ባቡሩ ላወራ ስጀምር እህቴ የዚያን ቀን እህል መቅመስ ማቆሟ ይመጣብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቀን በቀን ጻፍኩት። እኔ እዚያ የዋልኩትን አስቀምጬ፣ እነሱ እዚህ የዋሉትን ጠያይቄ ከጎኑ አደረግሁ። ፊደል የለየሁት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነውና የምታርሙ ፊደሉን አርሙልኝ። ቀኑን ግን አትንኩብኝ፤ ቀኑ ልክ ነው።

እህቴ ስመኝ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ «እታለም» ነበር የምላት። ከጥርባ እስከ አዘና ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲሆን የምንጠራው እኛ ነበርን። እሷ አውራጅ ናት፣ ግጥሙን የምትጥል። እኔ ተቀባይ ነኝ፣ የጣለችውን ከሥር አንስቼ ሕዝቡን አስከትዬ የምመልስ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖርን። እናታችንን ቀብረን የተመለስን ዕለት ቃል ተገባባን፤ ከሁለታችን የቀረችው ለሄደችው ሙሾ ታወርዳለች። ሌላ ሴት አፏን አትከፍትም። ለሰው ስናለቅስ ኖረን፣ የራሳችንን ለባዕድ እንሰጣለን እንዴ?

ወደ ጉዞው የወሰደኝ ሉካስ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ነው። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ መቅረጫ ይዞ መጥቶ የአረም ዘፈናችንንና የሠርጉን በቋንቋችን በአውኚ ቀድቶ ሄደ። ሙሾም ለምኖን ነበር፤ እታለም «ያለ ሬሳ ሙሾ ሟርት ነው» ብላ አባረረችው፤ ማባረር ስላችሁ እንጎቻ አብልታ ነው። ሉካስ የቀዳውን ድምፅ በኮምፒውተር እየቆራረጠ፣ ከበሮ የሌለው ከበሮ እየጨመረ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሉትን ይሠራል። በከተማው በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ የዚህ ሙዚቃ በዓል አለ። ሁለታችንን ጠራን። የእታለም ኩላሊት ግን ደክሞ እግሯ አብጦ ነበር። እኔም ልቀር ስል ተቆጣች። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ዓለምን አይተን እንሙት አለች።

ሰኞ

በጥቅምት ከተማችን ቆሰበር ላይ ጉሙ ከሰው ቀድሞ ነው የሚነሳው። ባጃጁ መብራቱን አብርቶ ደጃችን ቆመ። እታለም ጫማ አልገባ ብሏት በሁለት ካልሲ፣ መቃኑን ይዛ ወጣች። ልጇ ደሳለኝ፣ አስተማሪ ነው፣ ትወድቅ ይሆናል ብሎ ከኋላዋ ወንበር ይዞ ቆሟል። ስስማት አንገቴን አለቅም አለች።

«ውቤ፣ ድምፄን ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ ስትሰሚ እንዳታለቅሺ። ዝፈኚ። ልቅሶውን ለእኔ አስቀምጪልኝ።»

«ምን ያለ ወሬ ነው በጧቱ» አልኳት።

«ቃል አለሽ ማለቴ ነው። የማላውቃት ሴት መጥታ የአባቴን ስም እየተሳሳተች እንዳታስቀኝ፣ ሬሳ ሆኜ።»

ሳቀች። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ እኔም ሳቅሁ። ደሳለኝ እንደነገረኝ ከሄድኩ በኋላ አልገባም ብላ እስከ ቀትር በሩ ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ሲደርስ ከመንገዱ ዳር የከሰሉ ጆንያ እንደወትሮው ተደርድሯል፤ የሚጭነው መኪና ግን የለም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ። የፈተሸችኝ ልጅ ፓስፖርቴን ገልብጣ አየችና፣ ዕድሜዬንም አይታ፣ «እማማ፣ ለምን ይሄዳሉ?» አለችኝ። ለመዝፈን ብላት ታምነኛለች? ለሕክምና አልኳት። እንግዲህ በዚህ ጉዞ ውሸት የጀመርኩት ራሴ ነኝ።

ዳንግላ ስንገባ ሾፌሩ ወደ ፊት መንገድ ተዘግቷል፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይደር አለ። እኔ አክስቴ ጥሩወርቅ አሉኝ፤ የእናቴ ታናሽ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ፤ እምቢ ብል አይሰሙም። ራት ላይ ጉዞዬን ሲሰሙ፣ «ጀርመን ድረስ የአረም ዘፈን? እዚህ አረሙ አልቆ ነው?» ብለው አሳቁኝ። ያን ማታ ኔትወርክ ነበር። እታለም ሾርባ ጠጣሁ አለችኝ። አልጠጣችም ነበር።

ማክሰኞ

ሦስት ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ግልገል አባይን ስንሻገር ውሃው ገና የክረምቱን ቀለም አልለቀቀም፤ ከድልድዩ ሥር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ወዲህ ከብት ይጠጣል። ይህን የምጽፈው ኋላ ስለምፈልገው ነው።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን። ሰው እንዳይስቅብኝ የጎኔን ሰው እያየሁ ቀበቶውን አሰርኩ፤ እሱም ለካ እኔን እያየ ነበር። ማታ ወደ ውጭ ስንወጣ ፍተሻው ላይ ለሉካስ የያዝኩትን ማር ወሰዱብኝ። ፈሳሽ አይገባም አለችኝ ፈታሿ። «ልጄ፣ ማር ይቆረጣል እንጂ ይቀዳል እንዴ?» ብላት ሳቀችና ማሩን ግን ወሰደችው። የአዘና ነጭ ማር ነው፤ ዓይኔ ከዚያው ቀረ።

በዚያው ማታ እታለም ስታስመልስ አመሸች። ደሳለኝ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ቢላት በዚህ ሰዓት የሚሄድ መኪና ከየት ይመጣል አለችው። እውነቷን ነበር።

ረቡዕ

ሉካስና አንዲት ሐበሻ ሴት ስሜን በአማርኛ ጽፈው ይዘው ጠበቁኝ። ሴትዮዋ አልማዝ ትባላለች፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ በዚያች ከተማ ሃያ ዓመት ኖራለች፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አስተርጓሚዬም አሳዳሪዬም እሷ ነበረች። ገና ሳታውቀኝ አገላብጣ ስማኝ ሻርፕ አለበሰችኝ። ፈረንጆቹ ሁሉ ብርዱ እንዳይጎዳት ይባባላሉ። እኔ የቆሰበር ሰው ነኝ፤ ብርድ ለእኔ ይነገራል? ሻርፑን ግን ለእሷ ስል አላወለቅሁም።

ከተማዋ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ስሟን ለመጥራት ምላሴ እምቢ ስላለ «ወንዙ ዳር» እላታለሁ። ዛፎቹ ቅጠላቸው ቢጫና ቀይ ሆኖ ይረግፋል፤ እኛ ዘንድ በዚህ ወር ኑጉ ቢጫ የሚሆነው ሊያፈራ ነው፣ የእነሱ ዛፍ ደግሞ ባዶውን ሊቀር። ወንዙ ሰፊና ዝምተኛ ነው፤ ሁለቱም ዳሩ በድንጋይ ተገንብቷል። ብዙ ቆሜ አየሁት። ማንም አይወርድበትም። የሚያጥብ የለም፣ የሚቀዳ የለም፣ የሚጠጣ ከብት የለም። ከድንጋዩ በላይ ሆኖ ያዩታል እንጂ አይነኩትም።

ጾም ነው ብላት አልማዝ ድንች በዘይትና በጨው ሠራችልኝ። ከድንች አገር ተነስቼ ድንች አገር መጣሁ። ከራት በኋላ በእሷ ስልክ ደወልን። የእታለም ድምፅ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«ዘፈንሽ?» አለችኝ።

«ገና ነው እታለም፤ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ሩቅ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ድንቹ ጠየቀችኝ፤ የእኛን ያህላል ወይ ብላ። ያነሰ ነው አልኳት። በእሷና በእኔ መካከል የመጨረሻው ወሬ የድንች ወሬ ሆነ።

ሐሙስ

በዓሉ የሚደረገው ወንዙ ዳር ባለ አሮጌ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው መፍጨት ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ድንጋዩ ብቻ ደጅ ላይ አለ። ውስጡ ጨለማ ነው። ሉካስ ጠረጴዛ ላይ ቁልፍና መብራት የሞላበት ዕቃ ደርድሮ እንደ ላቦራቶሪ ባለሙያ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ይኸው ነው ዘፋኙም ከበሮ መቺውም።

ልምምድ ጀመርን። ከድምፅ ማጉያው የእህቴ ድምፅ ወጣ። ቃሏን አስታውሼ አላለቀስኩም። እሷ ታወርዳለች፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ልቀበል አፌን ብከፍት አለፈኝ። እንደገና። አሁን ደግሞ ቀደምኩ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሉካስ ትዕግሥተኛ ነው፣ የማሽኑ ምት ከብዷት ይሆናል ብሎ ምቱን ቀነሰልኝ። ምቱ አልነበረም። ቁጭ ብዬ በደንብ ሳዳምጥ ነገሩ ገባኝ።

«እህቴ አትተነፍስም» አልኩት በአልማዝ በኩል።

ለካ ሉካስ ድምፁን ሲያጸዳ ትንፋሿን ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል። የአረም ዘፈን ላይ አውራጇ ቃሉን ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ ነው ተቀባይ የምትገባው፤ አርባ ዓመት የገባሁት በትንፋሿ ነው እንጂ በቆጠራ አይደለም። ሉካስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቀላ፤ ቆሻሻ መስሎኝ ነው አለ። እስከ ማታ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ቅጂ ትንፋሿን አንድ በአንድ እየለቀመ መለሰው። ስንሞክረው ያለ ስሕተት ገባሁ። አልማዝ አጨበጨበች።

ከዚያ ሉካስ እንደገና በትሕትና ሙሾ ጠየቀኝ። እኔም የእታለምን መልስ መለስኩለት። ይቅርታ ጠይቆ ተወው።

በዚያው ቀን እታለም ሰው መለየት እያቃታት ነበር። ማታ ነቃ ብላ ደሳለኝን «ውቤ ዘፈነች?» ብላ ጠየቀችው። «አዎ እማዬ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበላት» አላት። «ጎበዝ» አለች። ለእሷም ዋሽቷታል።

ዓርብ

እህቴ ያረፈችው ዓርብ ጎህ ሲቀድ ነው።

አልማዝ ቤት ቁርስ ላይ ነበርኩ። ስልኳ ጠራ፤ አየችና ወደ በረንዳው ወጣች። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ረጅም ጊዜ ቆመች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ወደ ቤት እንደውል አልኳት። «ኔትወርክ ተቋርጧል አሉ፣ አካባቢው ሁሉ» አለችኝ። በእኛ አገር ይህ ምን ይጠየቃል? ሳምንትም ወርም ተቋርጦ ያውቃል። ሌላ ውሸት ብትነግረኝ ኖሮ ጥርጣሬ ይገባኝ ነበር፤ ይኼን ግን እንደ ቁርሱ ዋጥኩት።

የደወለላት ደሳለኝ ነበር። ቁጥሯን ረቡዕ ስንደውል ይዞት ነበርና፣ አደራ እንዳትነግሪያት፣ አገሯ ሳትገባ እንዳትሰማ ብሏታል። አልማዝ የጎጃም ልጅ ናት፤ መርዶ በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት እንደማይነገር ማን ይነግራታል? ተቀበለችው። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከጎኔ አልተለየችም። መፀዳጃ ቤት እንኳ ስገባ በር ላይ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ቀልዴ መጣና «አንቺዬ፣ እንዳልጠፋብሽ ነው?» አልኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ የድምፅ ፍተሻ አለ ተብሎ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድን። የእነሱ ስምንት የእኛ ዘጠኝ ነው፤ በጥቅምት ልዩነታችን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ባዶ አዳራሽ መሐል ቆሜ የእህቴን ድምፅ እየተቀበልኩ «ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» እላለሁ። ከፍ አደረጉልኝ። በዘጠኝ ሰዓት ቆሰበር ላይ እህቴን ወደ ጉድጓድ እያወረዱ ነበር። ከአዘና የመጡ አንዲት ሴት ሙሾ አወረዱላት። አባታችንን በአጎታችን ስም ጠሯቸው ይባላል። ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሕዝቡ ገባ። በር ላይ ለሁሉም ትንንሽ የጆሮ መድፈኛ ይታደላል። ሙዚቃ ሊሰሙ መጥተው ጆሯቸውን ይደፍናሉ፤ ይህን ለቆሰበር ሰው ንገሪ ብባል ማን ያምነኛል ብዬ ሁለቱን በቦርሳዬ አስቀመጥኩ። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ገባኝ። በጆሮ አይደለም የሚሰማው፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚመታው። እኛ ስንጨፍር ክብ ሠርተን እርስ በርስ እየተያየን ነው። እነሱ ሁሉም ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ይወዛወዛል። ሐዘን ቤት ግድግዳ ይዘው የሚወዛወዙ ሴቶች መሰሉኝ። ይህንን ያሰብኩት ያኔ ነው፤ አሁን የጨመርኩት አይደለም።

እታለም አወረደች። ትንፋሿን ሳበች። ገባሁ። ያን ቀን ድምፄ እንዴት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው፤ በሕይወቴ እንዲህ ዘፍኜ አላውቅም። እሷ ስትጥል እኔ ሳነሳ፣ የቃሉ ትርጉም የማይገባው ሕዝብ መጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ይዘልል ጀመር። ስለ አረም ነው የምንዘፍነው፤ ጎንበስ በይ፣ ሥሩን ያዢ፣ ጤፉን እንዳትነቅይ ነው የምንለው። አልማዝን ፈለግኋት። ከሕዝቡ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከመድረኩ ስወርድ፣ «ከፈረንጅ ጋር ኖረሽ እግርሽ ደረቀ እንዴ?» ብዬ አሾፍኩባት። አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ ብዙ ቆየች። ደስ ብሏት ነው ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት።

ቅዳሜ

የበዓሉ አዘጋጅ ጸጉራቸው የነጣ ሴትዮ ናቸው። ጧት ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብለን ሳለ ከሉካስ ጋር መጡ። የትናንቱን ብዙ አመሰገኑና ዛሬ ማታ በመዝጊያው አንድ ሙሾ ብቻ ብትይልን አሉ። ባላቸው በጸደይ እንደሞቱ፣ በዚያ አገር ሰው በለቅሶ ላይ ድምፅ እንደማያሰማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጮኽ ብሎ የሚያለቅስ ሰው መስማት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አሳዘኑኝ። ግን ለዚህ እሺ ማለት አልችልም።

«የሞተብኝ ሰው የለም በያቸው» አልኳት አልማዝን። «ቤቴ ሁሉም ደህና ነው። ደህና ሳሉ ሙሾ ባወርድ በእህቴ ላይ ማሟረት ነው በያቸው።»

አልማዝ ወደ ወንዙ ዞረች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት። ከዚያ በጀርመንኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ እኔ ካልኩት ትንሽ ረዘም ያለ። ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሉካስ ተነስቶ ቆመ። አልማዝን ጠንከር አድርጎ ተናገራት፤ እሷም መለሰችለት፤ እየተመላለሱ ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ አንዴ ይህንን፣ አንዴ ያቺን አያለሁ። እምቢታዬ አጣላቸው ብዬ ተሳቀቅሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ሁለት እጄን ያዙና አለቀሱ። «አይዞዎት» አልኳቸው፣ እንባቸውን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ። «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያጽናናዎት።»

አልማዝ ያን ጊዜ ምን እንዳለቻቸው የነገረችኝ ኋላ በስልክ ነው። «የሞተብኝ ሰው የለም ትላለች፤ እህቷ ትናንት ሞታለች፤ አታውቅም፤ ፊታችሁ አይለወጥ» ብላቸው ኖሯል። ሉካስ የተቆጣው አሁኑኑ ይነገራት፣ መብቷ ነው ብሎ ነው። አልማዝ ደግሞ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ አንተ? አለችው።

ማታ ላይ ሉካስ መጥቶ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ዛሬ ማታ ደግመን የምንዘፍነው ቀርቷል አለኝ። ዓይኑን ከጫማዬ አላነሳም። ያ ቀጥተኛ ልጅ ለእኔ ሲል ዋሸ። ማሽኑ ሲሠራ ከወንዙ ማዶ ይሰማኝ ነበር።

እሑድና ሰኞ

የአልማዝን ደግነት ጽፌ አልጨርሰውም። እሑድ በሌሊት ተነስታ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ ዳቦ፣ ድንች። ባቡር ጣቢያ ስንለያይ፣ «ውባለም፣ ብትቀየሚኝም አልፈርድብሽም» አለች። የምቀየምበት ምን አለ ብዬ እንደ ሞኝ ጉንጯን ሳምኳት።

ሰኞ ባሕር ዳር የጠበቀኝ ደሳለኝ ነው። ቀይ ጃኬት ለብሷል፣ ባርኔጣ አድርጓል። አስተማሪው ጎረምሳ ሆነ ብዬ ሳቅሁበት። ጃኬቱን ለዚህ ብሎ ከሰው የተዋሰው ነው፤ ባርኔጣው የተላጨ ራሱን ሊሸፍን። እናትህ እንዴት ናት? ስለው «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ጆሮ መድፈኛው አወራሁለት። እሱ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየ «እሺ» ይለኛል።

ዳንግላ ሲመሽብን እንደር አለ። አክስቴ ጥሩወርቅ ሁለቴ አጎረሱኝ፤ ጠገብኩ ስል ተቆጡኝ። ሰው መርዶ ሳይሰማ ይጥገብ ይባላል። እኔም ስንቱን ሰው እንዲሁ አጉርሼ አስተኝቻለሁ። ስንቱ ቤት ጎህ ሲቀድ አንኳኩቼ ገብቻለሁ። እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ? የሌላውን ሰው ቤት ነው የማውቀው፤ የራሴ በር ሲንኳኳ ከውስጥ ሆኜ ምን እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ተንኳኳ። ዓይኔን ስገልጥ አክስቴ ጥቁር ለብሰው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደሳለኝ ያለ ባርኔጣ ቆሟል። ከበሩ ካህኑና ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው የጎረቤት ሴቶች። ያን ጊዜ ገባኝ። ስፈራገጥ ሦስት ሴቶች ወገቤን ያዙኝ።

አንደበቴ ሲመለስ የተናገርኩት ክፉ ነበር። «ቃሌን ቀማችሁኝ» አልኳቸው። «አንድ ቃል ነበረችኝ፣ ቀማችሁኝ። ማን ናት ያወረደችላት?»

አክስቴ አልተቆጡም።

«ብንነግርሽ ትደርሺ ነበር?» አሉኝ። «አትደርሺም። እዚያ ወንዝ ዳር፣ እነዚያ መሐል ብትፈራገጪ ወገብሽን ማን ይይዝሽ ነበር ልጄ? እኛ ሬሳውን ቀበርን፤ አንቺን ደግሞ ልንይዝሽ ጠበቅን። ከዚህ ሌላ የምናውቀው የለም።»

 አንዳንድ ቀን አልማዝን እመርቃታለሁ፣ አንዳንድ ቀን እረግማታለሁ፤ ሁለቱንም በስልክ ነግሬያታለሁ። ሁለቱንም ትቀበለኛለች። ሉካስም ደብዳቤ ጽፏል፤ እኔ በአልማዝ ቦታ ብሆን እነግርሽ ነበር ይላል። አውቃለሁ። ቢነግረኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ግን አላውቅም።

በዚያው ጧት ቆሰበር ገባን። ድንኳኑ ፈርሶ ነበር፤ ለእኔ ሲባል ሕዝቡ እንደገና ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። የአዘናዋ ሴትም መጥተዋል። ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ጎንበስ ብለው፣ ይቅር በይኝ፣ የአባታችሁን ስም የሚነግረኝ አጥቼ ነው አሉኝ። የአባታችንን ስም ነገርኳቸው። ጉልበቴን ይዘው አለቀሱ።

ከዚያ እታለም የምትቆምበት ቦታ ቆምኩ። በዚያ ቦታ ቆሜ አላውቅም። በአውኚ አወረድኩ፤ በአማርኛ ሳዞረው እንዲህ ይሆናል፦

ድምፅሽን ስቀበል በሰው አገር ደጅ፣
አፈሩን አልብሶሽ ተመልሷል ወዳጅ።

ማንም አላነሳውም። ሕዝቡ የሚከተለው ተቀባይዋ ካነሳች በኋላ ነው፤ ሁሉም ቀና ብሎ ተቀባይዋን ይጠብቃል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የአዘናዋ ሴት ሊያነሱ አፋቸውን ከፈቱና አፍረው ዘጉት። ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል መቀበል የምታውቀው እኔ ነኝ።

ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተራመድኩና ራሴው ተቀበልኩ። እስኪመሽ እንዲህ አደረግሁ፤ አወርዳለሁ፣ እራመዳለሁ፣ እቀበላለሁ።